በዘለላው ላይ ያለ ፊደል

እሑድ፣ ኦክቶበር 6

ብዕሩን የያዘችው ሙንጂያ ናት፤ የልጄ የላሚን ሚስት። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ የቲጃኒ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ተምር የተከልኩት፣ ልጅ የዳርኩት፣ መካ ደርሼ የመጣሁት ያለ ፊደል ነው። "ያልኩትን ብቻ ጻፊ፣ አታሳምሪው፣ አትቀንሺለት" ብያታለሁ።

"ስድቡንም ልጻፈው አባ ሐጂ?" አለች።

"እሱን እንዳትረሺ" አልኳት።

ይህን ማስጻፍ የፈለግኩት ነገሩ ገና ከጅምሩ ስለሸተተኝ ነው። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። ኋላ ሰው በየሱቁ ደጃፍ "ቲጃኒ እንዲህ አለ፣ ቲጃኒ እንዲያ አለ" እያለ እንዳይቀጥፍብኝ፣ ያልኩት እዚህ ይቀመጥ።

መምህርት ራውዳ ዛሬ ኮሚቴው ግቢዬ ተሰብስቦ ሳለ መጣች። የልጅ ልጄን፣ የሙንጂያን ልጅ የንጅማን ክፍል የምታስተምረው እሷ ናት፤ አምና ከቢዘርት፣ ከባሕሩ ዳር የመጣች ቀጭን ልጅ። የመንግሥቱ መጽሐፍ ተጨናንቋል፣ ልጆቹ ይደናቀፉበታል ትላለች። ስለዚህ ራሷ አጫጭር ምንባቦች ጽፋ፣ ኮሚቴው ቶዘር ካለው ማተሚያ ቤት እንዲያሳትምላት ነው የምትፈልገው። ጥሩ፣ አልን። ሁለት ወረቀት ዘረጋች። የዓረብኛው ጽሑፍ አንድ ነው፤ የፊደሉ መልክ ነው የሚለያየው።

አንደኛው እሷ የመረጠችው ነው። ፊደሉ ትልልቅ፣ ወፍራም፣ ራቁቱን የቆመ። ቃሉ ከቃሉ፣ መስመሩ ከመስመሩ ተራርቋል፤ ከላይና ከታች የምትነሰነሰው ጭረትና ነጥብ ሁሉ ለየብቻዋ ተቀምጣለች። የሳሙና ካርቶን ላይ ያለ ጽሑፍ ይመስላል። ሁለተኛውን የማተሚያ ቤቱ ሰውዬ ነው ያወጣው። አንዱ ፊደል ሌላው ትከሻ ላይ ወጥቷል፣ ጅራቱ ተቆልምሟል፣ ልክ የመስጊዳችን በር ላይ እንዳለው። አቤት ማማሩ!

ሁለቱንም ይዤ ወደ ፀሐዩ ወጣሁ። እኔ ነገር የማየው እንደ ተምር ነው። አንደኛ የሚባለው ተምር በዘለላው ላይ እንደተንዠረገገ የሚታሸገው ነው፤ ከዘለላው የረገፈው ለፍየል ይሄዳል። የእሷን ወረቀት መለስኩላት።

"ይሄ ርጋፊ ነው" አልኳት። "ለልጆቻችን ርጋፊ አናበላም።"

"ሐጂ፣ ያኛው ለዓይን ያምራል፤ ልክ ነዎት። ግን ልጅ ፊደሉን ከፊደሉ መለየት አለበት። እዚህ ላይኮ ነጥቧ የየትኛው እንደሆነች እኔም ፈልጌ ነው የማገኛት።"

"ፈልገሽ ካገኘሻት እነሱም ይፈልጓት! ምን ሥራ አላቸው?"

ባለሱቁ ኸሚስ፣ አብሮ አደጌ፣ ከጥግ ሆኖ "መምህርት፣ አትልፊ" አላት። "ይሄ ሰውዬ ሚስቱንም የመረጣት እንዲሁ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ነው።" ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ አላህ ይዘንላት፣ እሷም ብትሰማ ትስቅ ነበር።

ሙንጂያ ሻይ ስታዞር ወረቀቶቹ ላይ ጎንበስ አለችና "የመምህርቷ ይሻላል" አለች። በሰው ፊት! ዓይኔን ስታይ ማሰሮዋን ይዛ ገባች። (ይሄንንም ጻፊው፤ ብለሻልና።)

ሽማግሌዎቹ በሙሉ እጃቸውን ለእኔ አወጡ። ከኮሚቴው ማንበብ የሚችለው ኸሚስ ብቻ ነው፤ እሱም ያለ መነጽር አይሆንለትም፣ መነጽሩን ደግሞ ሱቅ ረስቶት መጥቷል።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

መጽሐፎቹ ደረሱ። ሽፋኑ አረንጓዴ ነው። ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ በር ላይ አንዱን ከላይ ከበሩ ጽሑፍ ጋር አስተያየሁት። ወንድምና ወንድም። ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ሳመው።

ንጅማ የእሷን እያሸተተች ወደ ቤት ሮጠች።


እሑድ፣ ኦክቶበር 20

መከር ገባ። የተምር ቆራጮቹ ከንጋት ሶላት ከሱብሒ ጀምሮ ዛፍ ላይ ናቸው። ጊዜ የለኝም። አጭር ጻፊ።

ዛሬ ንጅማ ከመጽሐፉ ስለ ቀበሮዋና ስለ ጉድጓዱ አነበበችልኝ። እንደ ውሃ ነው የምታወርደው። ገጹን እንኳ አታየውም! ዓይኗ የዛፉን ጫፍ ጫፉን ያያል፣ አፏ ያነባል። ለኸሚስ ነገርኩት።

"ሳታየው?" አለ።

"ሳታየው!"

ሌላ ወሬ ጀመረ። የእሱ የልጅ ልጅ ሲያነብ ይንተባተባል፤ ቅናት ነው።


ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ንጅማ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። አርብ ማታና ቅዳሜ ማታ ደህና ታድራለች፤ የትምህርት ቀን ሲነጋ ታስመልሳለች። ሙንጂያ የአዝሙድ ውሃ ትሰጣታለች። የሐሪሳውን በርበሬ አታብዙባት ብያለሁ። ሰው ምክሬን አይሰማም።

መምህርቷ ዛሬ ተምሩ መሐል ድረስ መጣችብኝ፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። ቆራጮቹ ከላይ ሆነው እያዩ ነው።

"ሐጂ፣ መጽሐፉን ድጋሚ እናሳትመው። እባክዎ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ተጣብቀው ቀርተዋል። ኮሚቴው ከጠየቀ ማተሚያ ቤቱ በቀላሉ ይለውጠዋል።"

"የእኔዋ ታነባለች።"

"ንጅማ አታነብም። ጓደኞቿ ሲሉ ሰምታ በቃሏ ነው የያዘችው። ዓርብ ዕለት መጽሐፉን ዘቅዝቄ ሰጠኋት፤ ያንኑ አነበበችልኝ።"

ደሜ ፈላ። "በእኛ ዘንድ" አልኳት፣ "መጽሐፍ በቃሉ የያዘ ሰው ሐፊዝ ይባላል። እጁ ይሳማል። በእናንተ አገር ዘገምተኛ ይባላል እንዴ?"

ዛፉ ላይ ያሉት ሳቁ። አንዱማ "ሐጂ፣ መልሳት እንጂ ወደ ባሕሯ!" ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ቀላች፤ ግን አልሄደችም። ቁጭ ብላ ነገሩን አስረዳችኝ። ዲሴምበር ላይ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ጋፍሳ ወዳለው ልዩ ክፍል ይላካል። አዳሪ ነው። ቤቱን የሚያየው ለበዓል ለበዓል ነው።

"የእኔን ልጅ ስም ከዚያ ጋር አታንሺ" አልኳት።

"እኔ አላነሳሁትም ሐጂ። ዳይሬክተሩ ነው ያነሳው።"

ከሄደች በኋላ ቆራጮቹ ላይ ያለ ምክንያት ጮህኩ። ምክንያትም ነበረኝ፤ ሁለት ዘለላ ጥለዋል።


ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

የተምር ገዢ ሊመጣ ስለሆነ መጋዘኑን ላሰናዳ ዞርኩ። የጀርባው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ተሞነጫጭሯል። ትልልቅ፣ የተራራቀ፣ አስቀያሚ ጭረት፤ ቁራ የተራመደበት ይመስላል። አባቴ በእጁ ያቦካው ጡብ ነው። "ማነው ይሄን ያደረገ?" አልኩ። ሙንጂያ ወደ መሬት ታያለች። ንጅማ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታለች።

ኖራ አስመጣሁና ወዲያውኑ አስቀባሁት። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ያማረ ግድግዳ ሆነ።

ልጅቷ እስኪጨርሱ ቆማ አየች። ከዚያ እሪ አለች። ሰው በሞተበት ቤት እንደሚለቀስ ነው ያለቀሰችው። ለግድግዳ! ልጅ ሲበላሽ እንዲህ ነው፤ እናቷ አቀማጥላታለች አልኩ።

ሙንጂያ ብዕሩን አቁማለች። ጻፊ እንጂ። ምን ያስቆምሻል?


ዓርብ፣ ኖቬምበር 22

ሙንጂያ ሰሞኑን ሥራ በዛብኝ ብላ አልጻፈችም። ዛሬ ራሴ ወንበር አቀረብኩላት።

ላሚን ሥራ ካለበት ከሊቢያ ደወለ። ሙንጂያ የጋፍሳውን ነገር ነግራው ኖሯል። "አባቴ፣ ካልገባት ጋፍሳ ትሂድ፤ ወይ ቤት ትቀመጥና እናቷን ታግዝ። ሴት ልጅ ናት፣ ምን ያስጨንቃል?" አለኝ። ስልኩን ሰድቤ ዘጋሁት። ልጄን ነው የሰደብኩት፣ ስልኩን አይደለም።

ኸሚስ ሱቅ ሄድኩ። መነጽሩን አድርጎ አረንጓዴውን መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ አገኘሁት።

"ስማ ቲጃኒ" አለ። "እኔ ራሴ ጠፋሁበት።"

"አርጅተሃላ።"

"አርጅቻለሁ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመስጊዱ በር ላይ ያለውን አንብቤው አውቃለሁ ብለህ ታስባለህ? አንድም ቀን አንብቤው አላውቅም። ማናችንም አላነበብነውም። ምን እንደሚል ልጅ ሳለን ስለተነገረን ነው ቀና ብለን እያየን የምንለው። ለበር እሱ ይበቃል። ገና ዛሬ ለሚጀምር ልጅ ግን እንዴት ይበቃል?"

"ታዲያ ያን ቀን እጅህን ለምን አወጣህ?"

"አንተ ስታወጣ አይቼ።"

ሱቁ ውስጥ ሰልፍ የቆሙ ሴቶች ነበሩ፤ ይሰማሉ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ኮሚቴውን ሰብስበንና እንለውጠው፤ ማንም አንተን አይልም" አለኝ። ማንም አንተን አይልም! ይሄኔ ነው የተናደድኩት። በመከር መሐል ስብሰባ የለም ብዬው ወጣሁ። የገዛሁትን ሻይ ቅጠል ባንኮኒው ላይ ትቼው ኖሯል። ለመመለስ እግሬ እምቢ አለ።

ኩስኩሱ ዛሬ ጨው የለውም። ሙንጂያ አለው ትላለች።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

የውሃ ቦዩን ልይ ብዬ በትምህርት ቤቱ ጀርባ አለፍኩ። ቦዩን ለማየት ነው የሄድኩት።

መስኮቱ ክፍት ነው። ልጆቹ በአንድ ላይ ሲያነቡ ደስ ይላል፤ ዝናብ ይመስላል። ከዚያ መምህርቷ አንድ ልጅ ለብቻው አስነሳች። ልጁ ሁለት ቃል ብሎ ቆመ። ከኋላ አንዱ "ዘለላው ላይ ተሰቀለ!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ለካ መጽሐፉን "የሐጂ ዘለላ" ነው የሚሉት። ማን ነገራቸው? ቆራጮቹ ናቸው እንጂ ማን ይሆናል።

"ንጅማ" አለች መምህርቷ።

ቆየሁ። ቦዩ ውስጥ ቅጠል ተጠራቅሞ ነበርና በዱላዬ እያነሳሁ ቆየሁ። ድምፅ አልመጣም። ቅጠሉን ጨረስኩ፤ ድምፅ አልመጣም። መምህርቷ በለሆሳስ "እሺ የኔ እመቤት፣ ተቀመጪ" ስትል ሰማሁ።

ልጅቷ ስትመጣ "ዛሬ ምን ተማርሽ?" አልኳት።

"ቀበሮዋን" አለች።

"አንብቢልኝ።"

እንደ ውሃ አወረደችው። እኔም "ማሻአላህ" አልኳት። ምን ልበል? ዓይኗ አፌ ላይ ነበር።


ሐሙስ፣ ዲሴምበር 5

ተቆጣጣሪው መጣ። ገና ያልደረሱበትን ገጽ ገልጦ ነው ልጆቹን ያስነበባቸው። የንጅማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ አለ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፤ ድምፅ ግን የለም። ከዚያ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቀበሮዋን ጀመረችለት። ሰውዬው በእርሳስ ገጹን መታ መታ አድርጎ "የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ ቀበሮ የለም" አላት። እሷ ግን እስከ ጉድጓዱ ድረስ ጨረሰችለት።

መምህርቷ ማታ ቤቴ መጥታ በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብላት አልገባም አለች።

"አንድ መንገድ አለ ሐጂ። ተቆጣጣሪው እስከ ሰኞ ቶዘር ነው። እኔ ብነግረው ራሷን ልታድን ነው ይለኛል፤ ብሏልም። እርስዎ ፊደሉን ኮሚቴው መረጠ፣ መምህርቷ አልፈለገችም ብለው ቢነግሩት ግን በሌላው ፊደል ድጋሚ ይፈትናታል። ቃል ገብቶልኛል።"

"ልሂድና ልመን ነው የምትይኝ?"

"አይለምኑም። የሆነውን ነው የሚነግሩት።"

አስብበታለሁ አልኳት። ሙንጂያ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ስትተነፍስ ይሰማኛል።


ሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ቶዘር ወደ ተቆጣጣሪው ልሄድ ነበር። ካባዬን ለበስኩ፣ ጫማዬን አደረግኩ። የተምር ገዢው መጣ። ከሩቅ አገር የመጣን ሰው አስቁሞ መሄድ አይሆንም። ተምሩን አየ፣ ነጩን ግድግዳ አየ፣ "መጋዘንህ እንደ ሙሽራ ነው" አለኝ። ቀትር ላይ ሄደ።

ከዚያማ ተቀምጬ ነበር። ጫማዬን አላወለቅኩም። ተቀምጬ ነበር።

ሙንጂያ ሦስቴ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። በየሶላቱ ሰዓት፤ ለዙህር፣ ለዓስር፣ ለመግሪብ። አንዴም ምንም አላለችኝ። ብትናገር ኖሮ እጮህባት ነበር፤ ከጮህኩ በኋላ ደግሞ እሄድ ነበር። ይህን ልቤ ያውቀዋል።

ሌላ የምትጽፊው የለም።


ረቡዕ፣ ዲሴምበር 11

ተወሰነ። ንጅማ ጋፍሳ ትሄዳለች። ላሚን በስልክ እሺ ብሏል። ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ታደርሳታለች።

መምህርት ራውዳም ዝውውር ጠይቃለች። ሳልሰማው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ኸሚስ ሱቅ ደጃፍ ላይ ስቀመጥ ወሬው ይቋረጣል፤ ሻይ ያቀርቡልኛል፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ማንም አንተን አይልም ነበር ያለኝ ኸሚስ፤ እውነቱን ነው፤ ማንም ምንም አይልም። ሰድበውኝ ቢሆን ምን ነበር?

ሙንጂያን ዛሬ ጠየቅኳት። መልሷንም እንዳለ ጻፊው።

"ግድግዳው ላይ የነበረው የማን እጅ ነው?"

"የእኔ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የመምህርቷን ፊደል ያን ቀን ርጋፊ ነው አሉ። እሱኑ በጠመኔ ብጽፈው ምን ሊሉኝ ነው?"

"ታነበው ነበር?"

"ጀምራ ነበር" አለች። "'በር' አነበበች። 'ውሃ' አነበበች። ኖራው የመጣ ቀን የራሷን ስም ልታሳይዎ ነበር። እሷ ያልነገረችዎ ድንገት ልታስደስትዎ ብላ ነው።"

ወጥቼ መጋዘኑ ጀርባ ሄድኩ። ኖራውን በጥፍሬ ፋቅኩት። ሥሩ ያለው ጡብ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ ጥሩ አድርገው ነው የቀቡት፤ ሁለቴ ቀቡት ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።


ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

ትናንት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ዳይሬክተሩ ወንበሩን ለቆልኝ ቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ስነግረው ጮኼ ነው የነገርኩት፣ ሌላ አነጋገር አላውቅም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"ሐጂ፣ ምን ልበልዎ። ተቆጣጣሪው ሰኞ ማታ ሄዷል። ወረቀቱ ወደ በላይ አካል ተላልፏል። ሰኞ ቀን ብቅ ቢሉ ኖሮ..."

"ሰኞ ገዢ ነበረብኝ።"

"እሱስ ልክ ነው" አለኝ። ልክ ነው አለኝ! ሽማግሌ ስለሆንኩ ነው። ለወጣት እንዲህ አይባልም።

መምህርቷን ፈለግኳት። ክፍሏ ባዶ ነው። ዘበኛው ጠዋት በቶዘሩ መኪና ሄደች አለኝ። ስትሄድ ልጆቹ ተከትለዋት እስከ አስፋልቱ ሮጠዋል። ንጅማ ግን ከአጥሩ አልወጣችም አለ።

ልጅቷ ወረቀት የሚባል ነገር አትነካም። ከረሜላ ሰጠኋት፤ መጠቅለያው ላይ ጽሑፍ አለ፣ አስቀመጠችው። ቀበሮዋን በይልኝ አልኳት፤ "ረሳሁት አባባ" አለች። አልረሳችውም። ትናንት ለፍየሏ ስትላት ሰምቻለሁ።

ነገ ትሄዳለች። ሻንጣዋ በር ላይ ነው። ሙንጂያ ካልሲዋን ስትቆጥር አመሸች፣ ደጋግማ ትቆጥራለች።

አሁን ሌላ ወረቀት አምጪ ሙንጂያ። ይህ ለጋፍሳ ነው፤ እዚያ ለምትቀበላት መምህርት፣ ማንም ትሁን። ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ በላይ ይቀመጥ። እንዳለ እዚህም ገልብጪው። ጻፊ፦

"ሰላም ለአንቺ ይሁን። እኔ ቲጃኒ ነኝ፣ የንጅማ አያት። አንድም ፊደል አላውቅም። የልጆቹን መጽሐፍ ፊደል የመረጥኩት እኔ ነኝ። መምህርቷ ተዉ ብላኝ ነበር፤ በሰው ፊት ሳቅኩባት። እናቷ ግድግዳ ላይ አስተማረቻት፤ ግድግዳውን አስቀባሁት። ልጅቷ ምንም ጉድለት የለባትም። በእናቷ እጅ የተጻፈ ቃል ታነብ ነበር። ትልልቅ አድርገሽ፣ አራርቀሽ ጻፊላት። ስትዘገይ አትሳቁባት። ቀበሮ የሚል ነገር አታስነብቧት። ጠዋት ሆዷን ካመማት ውሸት አይደለም።"

ይበቃል። የእኔን ስም በትልቁ ጻፊው፤ አንድ ወር ሙሉ ማን እንዳጠፋ ሰው ሲደብቅልኝ ቆይቷል፣ እዚያ እንኳ አይደበቅ።

አታልቅሺ፤ ወረቀቱ ይበላሻል። አሁን አንብቢልኝ። እዚህ አጠገቤ ሆነሽ አይደለም፤ እኔ የተናገርኩትን አውቀዋለሁ። መተላለፊያው ላይ ውጪ። የንጅማ በር ገርበብ ብሏል፣ አልተኛችም፣ ስትገላበጥ ይሰማኛል። እዚያ ቁሚና ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ።